ታይፒንግ ላይ አንድ ቀን ከተረፋችሁ፦ ማንግሮቩ፣ የሱልጣኑ ከተማ ወይስ ተራራው?

ማሌዥያ ደርሶ የመጣ ሰው የሚያወራው ስለ መንትያዎቹ ፎቆች፣ ስለ ላንግካዊ ባሕር ዳርቻ፣ ካልሆነም ስለ ሞሎቹ ነው። "ታይፒንግስ?" ብትሉት "የምን ታይፒንግ?" ይላችኋል። አይፈረድበትም። ከተማዋ ያለችው ከኩዋላ ላምፑር ወደ ፔናንግ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ባቡሩ ሲያልፍባት አብዛኛው ተሳፋሪ እንቅልፍ ላይ ነው። ግን ከዋና ከተማው ግርግር ወጥቶ በእግር ተዞራ የምታልቅ፣ ዛፍና ውሃ የበዛባት ከተማ ለሚፈልግ ሰው ታይፒንግ ታዋጣለች።

ታይፒንግ የሚያድር ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ከተማዋን ካየሁ በኋላ የቀረኝን ቀን የት ላውለው? ሦስት ምርጫ አለ። በስተምዕራብ የዓሣ አጥማጆቹ መንደር ኩዋላ ሰፔታንግና የማንግሮቭ (ባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ደኑ አሉ። በስተደቡብ ምሥራቅ የፔራክ ግዛት ሱልጣን መቀመጫ ኩዋላ ካንግሳር አለ። ከከተማዋ ራስጌ ደግሞ ቡኪት ላሩት ተራራ ቆሟል። "ሦስቱንም በአንድ ቀን አዳርሳለሁ" የሚል ሰው ካለ መልካም ዕድል። የሚያየው መኪና ውስጥ ሆኖ ነው።

በዝናቡ እንጀምር

እዚህ ምርጫውን የሚወስነው የቦታው ውበት አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። ታይፒንግ ከማሌዥያ ልሳነ ምድር ከተሞች ሁሉ ዝናብ የሚበዛባት ናት። በዓመት ወደ 4000 ሚሊ ሜትር ይወርድባታል፤ ከአዲስ አበባ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከማላካ ሰርጥ የሚመጣው እርጥብ አየር ከበስተጀርባዋ ካለው የቢንታንግ ተራራ ሰንሰለት ጋር ይጋጫል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ የተሸከመውን ሁሉ ከተማዋ ላይ ያራግፋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ታዩትና ጃንጥላውን ሆቴል ትታችሁ ትወጣላችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገዱ ወንዝ ይሆናል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ያባራል።

ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው። ከፍታና ሰፊ እይታ የሚፈልግ ነገር ጠዋት። ጣሪያ ያለው ነገር ከሰዓት። ጀልባ ከሆነ ዝናቡ ካባራ በኋላ ወደ ማታ። ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ ደግሞም ኤፕሪል አካባቢ ዝናቡ ይብሳል፤ ጁንና ጁላይ ረገብ ይላል። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ምቹነቱ ደግሞ እዚያም ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ፣ የምትጠልቀው ምሽት አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ መሆኑ ነው። ማሌዥያ ከኢትዮጵያ አምስት ሰዓት ትቀድማለች።

ከተማዋ ራሷ

ከኩዋላ ላምፑር ማዕከላዊ ጣቢያ ኢቲኤስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጊዜ ያደርሳችኋል። ከታይፒንግ ትንሽ ቀደም ብሎ ባቡሩ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ከዋሻው ስትወጡ ቦርሳችሁን ማውረድ ጀምሩ። ከፔናንግ በኩል ለሚመጣ ደግሞ ከበተርወርዝ ጣቢያ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ታይፒንግን የፈጠራት ቆርቆሮ ነው፤ የጣሪያውን ሳይሆን የማዕድኑን ማለቴ ነው። የአካባቢው ሹም የሎንግ ጃፋር ዝሆን ጠፍቶ ሲመለስ እግሩ ላይ የቆርቆሮ አፈር ተጣብቆ ተገኘ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ማዕድኑ ግን ነበረ። በሺህ የሚቆጠሩ ቻይናውያን ሊቆፍሩ ጎረፉ። ጊ ሂንና ሃይ ሳን የተባሉት ሁለት ማኅበሮች ከ1861 እስከ 1874 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጉድጓዱና በውሃው ተዋጉ። ጦርነቱን የዘጋው የፓንግኮር ውል ለእንግሊዝ አገዛዝ በሩን ከፈተ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ከ1876 እስከ 1937 የፔራክ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። በ1883 የተመሠረተው የፔራክ ሙዚየም የአገሪቱ የመጀመሪያው ሙዚየም ነው። በ1886 የታነጸው ኦል ሴንትስ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ከእንጨት የተሠራ ሲሆን እስካሁን ቆሟል። የማላያ (የያኔዋ ማሌዥያ) የመጀመሪያው ባቡርም የተነሳው ከዚሁ ነው፤ በ1885። ወደ መድረሻው በኋላ እመለሳለሁ።

ዋናው ግን የሐይቅ መናፈሻው ነው። ማዕድኑ ተቆፍሮ ሲያልቅ የቀረውን ጉድጓድ ውሃ ሞላው፤ በ1880 መናፈሻ ሆነ። ከጎኑ ባለው መንገድ ዳር ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የዝናብ ዛፎች የሚባሉ ግዙፍ ዛፎች ተደርድረዋል። ቅርንጫፎቻቸው መንገዱን ተሻግረው ከወዲያ ማዶ ሐይቁ ውስጥ ይነከራሉ። ከሥራቸው ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገና ሳይነጋ ብትሄዱ ጡረተኞች ሰብሰብ ብለው ስፖርት ሲሠሩ ታገኛላችሁ። ጭጋጉ ከውሃው ላይ ገና አልተነሳም። ለዚህ መግቢያ የሚከፈል ነገር የለም። እዚያው አጠገብ መካነ እንስሳት አለ፤ ማታ ደግሞ በጨለማ እንስሳት የሚታዩበት ጉብኝት አለው። ልጆች ላሉት ጥሩ ነው፤ ለሌሎቻችን ቢቀርም አይጎዳም።

ለከተማዋ አንድ ሙሉ ጠዋትና አንድ ማታ ስጧት። ከዚያ ወደ ምርጫው።

ኩዋላ ሰፔታንግ፦ የከሰሉና የጀልባው መንገድ

ከታይፒንግ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያ የ1885 የመጀመሪያው ባቡር መድረሻ ይህች መንደር ነበረች፤ ያኔ ፖርት ዌልድ ትባል ነበር። ቆርቆሮው በባቡር ይመጣል፣ ከወደቡ በመርከብ ይሄዳል። ዛሬ ሐዲዱ የለም። የቀረው በእንግሊዝኛ፣ በጃዊ (ማላይኛ በዓረብ ፊደል)፣ በቻይንኛና በታሚል የተጻፈ የጣቢያ ሰሌዳና የትኬት መስኮት ነው። ፎቶ ተነስታችሁ እለፉ።

መሄድ ያለባችሁ ለሌላ ነገር ነው። መንደሯን የከበባት ማታንግ የሚባለው የማንግሮቭ ደን ወደ 40 ሺህ ሄክታር ይሰፋል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ በዕቅድ እየተቆረጠና እየተተከለ ነው የቆየው። ዛፉ ተቆርጦ ቦታው እንደገና እስኪቆረጥ 30 ዓመት ይጠበቃል። የደኑ እንጨት ዋና ሥራው ከሰል መሆን ነው።

ከሰል ለእኛ ብርቅ አይደለም። ከሰል እንዴት እንደሚከስል ቆሞ ያየ ግን ስንት ነው? እዚህ ፋብሪካዎቹ ትልልቅ፣ ጣሪያቸው የጠቆረ አዳራሾች ናቸው። ውስጡ ከጡብና ከጭቃ የተሠሩ፣ አናታቸው የተድበለበለ እቶኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ እቶን ትንሽ ቤት ያክላል። ግንዱ አንድ ሜትር ተኩል በሚበልጥ ርዝመት ይቆረጣል፣ ቅርፊቱ ተመትቶ ይላጣል። ከዚያ ሠራተኛው አንድ በአንድ ተሸክሞ በጠባቧ በር ያስገባና ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። እቶኑ ሲሞላ በሩ በጡብና በጭቃ ይደፈናል፤ ትንሽ የእሳት አፍ ብቻ ይቀራል። እሳቱ እዚያ አፍ ላይ ነው የሚነደው፤ ግንዱን አይነካውም። ውስጥ ያለው ሙቀቱ ቀስ እያለ ውሃውን እያስወጣ ያደርቀዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ጢስ ነጭና እርጥብ ነው፤ የኮመጠጠ ሽታ አለው። ባለሙያው ጢሱን በዓይኑ ያያል፣ ያሸተዋል። እንጨቱ ውስጥ ምን ላይ እንደደረሰ በዚያ ያውቃል። ከዚያ ሁሉም ቀዳዳ ይዘጋና ራሱን እስኪያበርድ ይተዋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ወር ገደማ ይወስዳል። የሚወጣው ከሰል ሲጋጭ እንደ ብርጭቆ ይጮኻል። ከዚህ ከሰል ብዙው ወደ ጃፓን ይሄዳል።

ፋብሪካው ጣሪያ አለው፤ ስለዚህ ለዝናቡ ሰዓት ተፈጥሯል ማለት ይቻላል። ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ ሁኑ። ቀድማችሁ በሆቴላችሁ በኩል አስደውሉ፤ የሥራ ቦታ ነውና ዝም ብሎ መግባት ነውር ነው። ነጭ ጫማና ነጭ ሸሚዝ አትልበሱ። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ይቅርበት፤ ጢሱ ከባድ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጀልባው። ከመንደሯ የሚነሱት ጀልባዎች በወንዙ ወርደው የዓሣ እርባታዎቹን፣ ከውሃው ላይ የሚነጥቁትን ቡናማና ነጭ ንስሮች፣ አየሩ ከፈቀደም የባሕሩን አፍ ያሳያሉ። ምሽት ሁለት ሰዓት አካባቢ ደግሞ ለአብሪ ጥንዚዛዎቹ ይወጣል። ወንዙ ዳር ባሉ ዛፎች ላይ ተሰብስበው እኩል ብልጭ፣ እኩል ድርግም ይላሉ። ይሄን ለማየት ጨረቃ የሌለበትን ማታ ምረጡ። ሙሉ ጨረቃ ከሆነች ግማሹ ይበላሻል፤ ከባድ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ሁሉም። ስልካችሁን አጥፉ፤ በፎቶ አይመጣም፣ ለጎረቤታችሁም ብርሃኑ ይረብሸዋል።

ጉድለቱ መመለሻው ነው። ወደ መንደሯ የከተማ አውቶቡስ አለ። ማታ ግን አትተማመኑበት፤ በስልክ መተግበሪያ ታክሲ መጥራትም እንደ ከተማው አይቀልም። የሚጠብቃችሁ ሾፌር ከታይፒንግ ተነጋግራችሁ ያዙ። ለአንድ ሰው ይወደዳል፤ ለሦስትና ለአራት ሰው ግን ምንም አይደለም።

ኩዋላ ካንግሳር፦ የሱልጣኑ መንገድ

ታይፒንግና ኩዋላ ካንግሳር በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ይራራቃሉ። ባቡርም አለ፤ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ስለሚያልፍ የመመለሻውን ሰዓት ሳታውቁ አትሳፈሩ።

ሰው ሁሉ የሚሄደው ለኡቡዲያህ መስጊድ ነው፤ ልክም ነው። ወርቃማው ጉልላት፣ ነጭ ማማዎቹ፣ በግራጫና በነጭ እብነ በረድ የተለበጠው ግድግዳ ከርቀት ይጠራል። ንድፉን ያወጣው አርተር ቤኒሰን ሃባክ ነው፤ የኩዋላ ላምፑርን የድሮ ባቡር ጣቢያም የነደፈው እሱ ነው። ያሠራው ሱልጣን ኢድሪስ ከሕመሙ ቢድን መስጊድ ሊሠራ ተስሎ ነበር። ሥራው ግን ቶሎ አላለቀም። የሱልጣኑ ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ ከጣሊያን የመጣውን እብነ በረድ ረጋግጠው ሰባበሩት። ሌላ ሲታዘዝ የአንደኛው ዓለም ጦርነት መጣ። ሱልጣኑ በ1916 ሞተ፤ መስጊዱ በ1917 ተመረቀ። ስለቱን ተሳለ እንጂ ፍጻሜውን አላየም።

ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚ ከሶላት ሰዓት ውጭ ግቢውን ማየት ይቻላል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ቢይዙ ይሻላል። አርብ ቀትር ላይ ለጉብኝት አትሂዱ። ሙስሊም ከሆናችሁ ግን በተቃራኒው አርብን ምረጡ፤ ጁምዓን እዚያ መስገድ ራሱ የጉዞው ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከመስጊዱ ብዙም ሳይርቅ በ1926 የተሠራው ኢስታና ከናንጋን አለ። ያለ ምስማርና ያለ ንድፍ ወረቀት የተሠራ የእንጨት ቤተ መንግሥት ነው፤ ግድግዳው በቢጫ፣ በጥቁርና በነጭ የተፈተለ የቀርከሃ ጥልፍ ነው። ውስጡ ባይከፈት እንኳ ውጭው ይበቃል። ከተማው ውስጥ በ1877 ከተተከሉት ከመጀመሪያዎቹ የጎማ ዛፎች የተረፈ አንድ ዛፍ ታጥሮ ቆሟል። ማሌዥያን ለአሥርተ ዓመታት ያበላው የጎማ ንግድ ከእነዚያ ችግኞች ጀመረ። ዛፉ ለዓይን ምንም የለውም፤ ታሪኩን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚቆምለት።

ከፔራክ ወንዝ ማዶ ሳዮንግ መንደር ውስጥ የሚሠራው ጥቁር የውሃ ማሰሮ ግን ሊያመልጣችሁ አይገባም። ቅርጹ የቅል ነው። ትኩስ ሸክላው ከእሳት እንደወጣ የሩዝ ገለባ ውስጥ ይቀበራል፤ ገለባው ይጨስና ያጠቁረዋል። የጀበና ጥቁረት የምታውቅ እናት ብታየው "ይሄማ የእኛ ነው" ትላለች። ውሃ ያቀዘቅዛል፤ ለስጦታም ይሆናል። በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት እንጂ ለጭነት አትስጡት።

የዚህ ምርጫ ጥሩ ጎን ዝናብ ብዙ አያበላሸውም፤ በግማሽ ቀንም ያልቃል። ደካማ ጎኑ ከመስጊዱና ከወንዙ ዳር ውጭ ከተማው ቶሎ ማለቁ ነው። ወደ ኢፖ ከተማ የምትቀጥሉ ከሆነ ታይፒንግን ለቃችሁ ስትሄዱ በመንገዳችሁ ብታዩት ይሻላል፤ ደርሶ መልስ ለብቻው ቀን አይገባውም።

ቡኪት ላሩት፦ የጭጋጉ መንገድ

እንግሊዞች ማክስዌል ኮረብታ ይሉት ነበር። ሙቀት ሲያቃጥላቸው የሚሸሹበት፣ ከባሕር ጠለል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የድሮ ቪላዎች ያሉበት ተራራ ነው። መንገዱ ጠባብ ሆኖ ከ70 በላይ መታጠፊያ አለው። የግል መኪና አይወጣም፤ በላንድሮቨር ወይም በእግር ነው። መሬቱ እየተናደ መንገዱ ከአንዴም በላይ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ጠይቁ። "ኢንተርኔት ላይ ክፍት ይላል" ብላችሁ እንዳትሄዱ።

አሁን በግልጽ ልናገር። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከደሴ ለሚመጣ ሰው ይህ ተራራ አያስደንቅም። አዲስ አበባ ከሱ ወደ እጥፍ በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ብርድና ጭጋግ ለማየት ማሌዥያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከዱባይ ወይም ከሪያድ የበጋ ሙቀት አምልጦ ለመጣ ሰው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ጃኬት መልበስ ራሱ ይናፍቀዋል። ወፍ ማየት፣ ደን ውስጥ መራመድ የሚወድም ቅድሚያ ሊሰጠው ይችላል።

መንገዱ ተዘግቶ ካገኛችሁት እስከ ተራራው ግርጌ በእግር ሂዱ። በዚያው መንገድ ላይ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የጦር መቃብር አለ። ከ800 በላይ ወታደሮች ተቀብረውበታል፤ ከግማሽ በላዩ ስማቸው አይታወቅም። በመንገዱ በአንዱ ጎን ክርስቲያኖቹ፣ በሌላው ጎን ሙስሊሞቹ፣ ሂንዱዎቹና ሌሎች የሕንድ ጦር ወታደሮች አርፈዋል። ከጀርባው ተራራው ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ለእኔ ከቪላዎቹ ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

ሌንጎንግ ሸለቆን የሚጠቁማችሁ ሰውም አይጠፋም። በ1991 ወደ አሥር ሺህ ዓመት የሚጠጋ የሰው አጽም የተገኘበት፣ ከ2012 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ የሆነ ቦታ ነው። የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ ግን እርሱት።

ሆድ ነገር

ታይፒንግ የምግብ ከተማ ናት፤ ግን ለእኛ ሰው ትንሽ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቻይናዎቹ ማዕድ ላይ የአሳማ ሥጋ ብዙ ነው። ሐላል የሚል ምልክት ያለበት ቤት ከአሳማው ያድናችኋል፤ ለሙስሊሙም ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ኦርቶዶክሱ ግን "ሥጋው የማን እጅ ነው?" የሚለውን ልማድ የሚጠብቅ ከሆነ፣ እዚያ የሚቀለው ዓሣና አትክልት ነው። ኩዋላ ሰፔታንግ በሽሪምፕ ኑድል የታወቀች ናት። ሽሪምፕ ለማይበላ ሰው ግን ዝናው ምንም አይጠቅመውም። የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ እዘዙ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ የቻይና ቡድሂስቶች የአትክልት ምግብ ቤት ፈልጉ። "ታንፓ ዳጊንግ፣ ታንፓ ተሉር፣ ታንፓ ሱሱ" ካላችሁ ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት ማለታችሁ እንደሆነ ይገባቸዋል። ቤላቻን የሚባለው የሽሪምፕ ድልህ ግን አትክልት ውስጥ ሁሉ ይገባል፤ እሱንም አስቀሩ። ቼንዶል ደግሞ ያለ ጭንቀት ብሉት። የተፈጨ በረዶ፣ የኮኮናት ወተትና የዘንባባ ስኳር ነው፤ ከነጭራሹ ጾም ነው። ከተማዋ በሱ ትታወቃለች።

ቡና? ከ1933 ጀምሮ በእንጨት እሳት የሚቆላበት አንቶንግ የሚባል የቡና ፋብሪካ ከተማው ውስጥ አለ። ቡናው ከስኳር ጋር ይቆላል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጣፋጭ ይሆናል። አቦል ጠብቃችሁ አትሂዱ። "ኮፒ ኦ ኮሶንግ" ብላችሁ ያለ ስኳርና ያለ ወተት ቅመሱት፤ ለማወቅ ያህል።

እንግዲህ የቱ?

አንድ ቀን ብቻ ከተረፋችሁ፣ ጨረቃዋም ካልሞላች፣ ኩዋላ ሰፔታንግ። ከልጆችና ከአዛውንት ጋር ከሆናችሁ ከሰሉን ትታችሁ ጀልባውን ብቻ፣ ያውም ከመጨለሙ በፊት። አብራችሁ ያሉት እናት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ወደ ጀልባ መውረጃው ደረጃ ይከብዳል፤ ለእሳቸው ኩዋላ ካንግሳር ይሻላቸዋል። ኩዋላ ላምፑር የሚማሩ ልጆች ቅዳሜና እሑድን ይዘው ከሄዱ፣ ቅዳሜን ለሰፔታንግ ሰጥተው እሑድ ጠዋት ሐይቁ ዳር መዋል ነው። ሁለት ቀን ያለው ሰው ሁለተኛውን ለካንግሳር ያድርግ። ተራራው ለሦስተኛ ቀን ነው፤ እሱም ጠዋት፣ እሱም መንገዱ ከተከፈተ።

የባቡር ትኬቱን ግን ቀድማችሁ ቁረጡ። በቻይናውያን አዲስ ዓመት፣ በዒድና በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት አገሬው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ስለሚጓዝ መቀመጫው ከብዙ ቀን በፊት ያልቃል።